የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙርን ከወጣቶች ጋር ማደስ፦ በወልቂጤና በቡታጅራ ለሚያገለግሉ አስጠኚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ መመሪያ በጉራጌ አካባቢ ከተሞች፣ በተለይም በወልቂጤና በቡታጅራ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የመዝሙር ክፍልን ለሚመሩ፣ መዝሙር ለሚያስጠኑና ወጣቱን ለሚያስተባብሩ አገልጋዮች የተዘጋጀ ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ስትገኝ፣ ቡታጅራ ደግሞ ከጉራጌ ተራሮች በስተ ምሥራቅ በሆሳዕና መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ዛሬ የመጀመሪያዋ የጉራጌ ዞን፣ ሁለተኛዋ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ብትሆንም፣ ወጣቱ ለትምህርትና ለንግድ ቶሎ ቶሎ የሚወጣባቸው ከተሞች በመሆናቸው የመዝሙር ክፍሎቻቸው ችግር እጅግ ይመሳሰላል። በኅዳር 1996 ዓ.ም. የተቋቋመው የእምድብር ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከትም ሥርዓተ አምልኮውን በግዕዝ ሥርዓት የሚፈጽም በመሆኑ፣ ከዚህ በታች ከተነገረው ብዙው ለዚያም ወጣት ሊጠቅም ይችላል። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን ግን የራሳቸው የሆነ ሌላ ታሪክና ሌላ ጥያቄ ስላላቸው ለብቻው ሊጻፍላቸው ይገባል።

መመሪያው የቆመበት ሐሳብ አንድ ነው። የወጣቱ መዝሙር የሚደክመው ወጣቱ ከመሪጌታው አፍና ከዕለቱ አገልግሎት ሲለይ ሲሆን፣ የሚታደሰውም በዚያው በተለየበት በር ተመልሶ ሲገባ ነው። መሪጌታ የሚባለው በደብሩ የዜማ አገልግሎትን የሚመራው ሊቅ ነው፤ ወጣቱ ግን ብዙ ጊዜ መዝሙሩን ከእርሱ ሳይሆን ከስልክ ስለሚቀበል፣ በአንድ ቅጥር ውስጥ ሁለት ጎረቤት የማይመስሉ ዜማዎች ይኖራሉ፤ ሌሊት በማኅሌት የተቆመው ሌላ፣ ጠዋት በዐውደ ምሕረት የተዘመረው ሌላ ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ የሚዘረዘረው ሥራ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ነው።

ከሁሉ በፊት መዝገብ

የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ ምንም ነገር ከመለወጡ በፊት አንድ ተራ ደብተር ገዝቶ ለአራት እሑዶች ያህል የተዘመረውን ሁሉ መጻፍ ይኖርበታል። በደብተሩ ላይ የመዝሙሩ መጀመሪያ ቃል፣ ከማን እንደተጠና (ከመሪጌታ፣ ከቀድሞ ዘማሪ፣ ከሲዲ፣ ከዩቲዩብ)፣ ዕለቱ በቤተ ክርስቲያን የሚታሰበው ምን እንደሆነ፣ አውራጁ ማን እንደነበረና ሕዝቡ ተቀብሎ መዘመር አለመዘመሩ ይመዘገባል። አውራጅ መዝሙሩን የሚያወጣው መሪ ዘማሪ ሲሆን፣ ቃሉን ተከትለው የሚመልሱት ተቀባዮች ይባላሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ትልቁን ምስጢር የምትናገረው የመጨረሻዋ ዓምድ ናት። እናቶች እልል ብለው ዝም የሚሉበት መዝሙርና ነጠላቸውን አስተካክለው አብረው የሚቀበሉት መዝሙር ልዩነቱ በዚያች ዓምድ ይታያል፤ የመጀመሪያው የታየ፣ ሁለተኛው የተዘመረ ነው። እንዲሁም ከስልክ የተጠኑት መዝሙሮች ከዕለቱ መታሰቢያ ጋር የሚገናኙት ስንት ጊዜ እንደሆነ ቢቆጠር፣ በጾም ወቅት የበዓል መዝሙር፣ በትንሣኤ ማግስት የልቅሶ መዝሙር የሚዘመርበት አጋጣሚ ከተጠበቀው በላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ ደብተር ማንንም ለመውቀሻ እንዳይውል ኃላፊው አስቀድሞ ለአባላቱ መናገር ይገባዋል፤ አለዚያ ከሁለተኛው እሑድ በኋላ እውነቱን የሚያስመዘግብ አይገኝም።

ወደ መሪጌታው የሚኬድበት መንገድ

ሁለተኛው ሥራ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከመሪጌታው ጋር መነጋገር ነው፤ ብዙ የእድሳት ሐሳብ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ተብሎ ሊሠራ ይገባል። ወጣቶች ወደ አባቶች የሚሄዱት ብዙውን ጊዜ ፈቃድ ለመጠየቅ ነው፤ ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው ደግሞ ዳኛ ይሆናል፤ ዳኛ ይፈርዳል እንጂ አያስተምርም። ስለዚህ ጥያቄው «ይህን እንድንዘምር ይፍቀዱልን» ከመሆን ይልቅ «የኔታ፣ ለመጪው በዓል የሚሆነውን አንድ ወረብ ያስተምሩን» ቢሆን ይመረጣል። ወረብ ከማኅሌቱ ቃል ተመርጦ በከበሮና በጸናጽል ታጅቦ የሚቀርብ አጭር የግዕዝ ዝማሬ ሲሆን፣ ለሊቃውንቱም ለሰንበት ተማሪውም የጋራ በመሆኑ ሁለቱን ወገኖች ለማገናኘት ከእርሱ የተሻለ ድልድይ የለም።

በዚህ ንግግር ሦስት ነገሮች ተለይተው መወሰን አለባቸው። አንደኛው መሪጌታው የየትኛው ቤት ተማሪ እንደሆኑ ማወቅ ነው። «ቤት» በዜማ ትምህርት ቋንቋ የአስተማሪዎችን የዜማ ስልት ያመለክታል፤ ለምሳሌ በጋይንት ያለው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው፤ በአቋቋም (በመቋሚያ፣ በከበሮና በጸናጽል የሚፈጸመው ዝማሬ ማለት ነው) ደግሞ የጎንደሩ ስልትና የተክሌ አቋቋም ይለያያሉ። ይህን የተክሌ አቋቋም የደረሱት ሕዝቡ በቀልዳቸው ብቻ የሚያስታውሳቸው አለቃ ገብረ ሐና መሆናቸውንና ስሙም ከልጃቸው ከተክሌ መወሰዱን ለወጣቱ መንገር በራሱ ግማሽ ትምህርት ነው። የመዝሙር ክፍሉ አንዱን ቤት ይዞ መጽናት አለበት፤ ከአንዱ ቪዲዮ የጎንደሩን፣ ከሌላው የተክሌን ቀላቅሎ የሚያጠና ቡድን በበዓል ቀን ከሊቃውንቱ ጋር ሲቆም እግሩም መቋሚያውም ይጋጭበታል።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። መሪጌታው ሌሊት በሰዓታትና በማኅሌት የሚያገለግሉ እንደመሆናቸው እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲያስተምሩ መጠየቅ ድካማቸውን አለማወቅ ነው፤ ከሠርክ ጸሎት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ በቂ ነው። ሦስተኛው ስለ ገንዘብ ነው፤ ይህንንም ማፈር አያስፈልግም። የአገልጋይ ደመወዝ ትንሽ በሆነበት ደብር ወጣቱ በየወሩ ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ ለመምህሩ የትራንስፖርትና የሻይ ቢሰጥ፣ ሰበካ ጉባኤውም (የደብሩ አስተዳደር ጉባኤ ማለት ነው) ይህን አውቆ ቢመዘግበው፣ ትምህርቱ በአንድ ሰው ፈቃደኝነት ላይ ብቻ ከመንጠልጠል ይድናል።

የዓመቱ ምርጫ

ከዚህ በኋላ የሚጠናው ይመረጣል። በዓመት ውስጥ ሠላሳ መዝሙር አጥንቶ አንዱንም በቃል ከማይዘልቅ ቡድን፣ ለየወቅቱ አንድ ወረብና ሁለት የአማርኛ መዝሙር ይዞ በሚገባ የሚያውቅ ቡድን ይበልጣል። የቤተ ክርስቲያን ዓመት ራሱ ምርጫውን ስለሚያቀል፣ አስጠኚው የዘመናቱን ቅደም ተከተል ከፊቱ ዘርግቶ ከትምህርት ቤቱ የፈተና ጊዜ ጋር ማስተያየት ብቻ ይጠበቅበታል።

ለመጀመሪያ የሚመቸው ዘመነ ጽጌ ነው። ይህ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የአርባ ቀን ወቅት የእመቤታችንን ከልጇ ጋር መሰደድ የሚያስታውስ ሲሆን፣ በየእሑዱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ማኅሌተ ጽጌ በአባ ጽጌ ድንግል የተደረሰ፣ አምስት አምስት ስንኝ ያላቸው ቤቶች ያሉት፣ ቤት የሚመታ ድርሰት ስለሆነ ለወጣት ጆሮ ቶሎ ይገባል፤ የአበባና የፍሬ ምሳሌዎቹም በዚያ ወር አበባ ለለበሰው አካባቢ እንግዳ አይደሉም። ዋናው ጥቅሙ ግን ድግግሞሹ ነው። ወረብ የሚጠናለት ሌላ በዓል በዓመት አንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ጽጌ በአርባ ቀን ውስጥ እሑድ በእሑድ ስለሚመላለስ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የተሳሳተ ወጣት በሁለተኛው፣ በሁለተኛው ያልያዘ በሦስተኛው ሊያርም ይችላል። በዚሁ ወቅት ጥቅምት 5 ቀን በሶዶ ወደሚገኘው ምድረ ከብድ አቦ ገዳም የሚሄዱ ምእመናን ስለሚበዙ፣ ከቡታጅራ የሚነሳ ቡድን የአውቶቡሱን ጉዞ እንደ ጥናት ክፍል ሊጠቀምበት ይችላል፤ ከአውቶቡስ የተሻለ፣ ማንም ሹልክ ብሎ የማይወጣበት የጥናት ቤት አይገኝም።

የልደትና የጥምቀት ዝግጅት በጾመ ነቢያት፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ፣ ቢያዝ ይበቃል። ስለ ጥምቀት አንድ ነገር ብቻ መታሰብ አለበት፤ ጥር 10 በከተራና ጥር 11 የሚዘመረው እየተሄደ ስለሆነ፣ ረጅም ስንኝ ያለው መዝሙር በእርምጃ ላይ ትንፋሽ ያሳጣል። ለታቦት አጀብ የሚመረጠው ሦስት አራት ቃል ያለው አጭር ተቀባይ፣ ሕዝቡም ከመንገድ ዳር ሊያነሳው የሚችል ነው።

ዐቢይ ጾም ለብቻው ሊታሰብ ይገባል። በእነዚህ 55 ቀናት ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ ሊቃውንቱም በመቋሚያ ብቻ ይዘምማሉ። ብዙ የመዝሙር ክፍሎች ይህን ወቅት ሥራ እንደሚፈቱበት ቢቆጥሩትም በእውነቱ ግን ድምፅ የሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ከበሮው የሸፈነው የዜማ ስሕተት ሁሉ በጾም ይጋለጣልና። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሣዕና የተባሉት እሑዶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ታሪክና የራሳቸው የጾመ ድጓ ቃል ስላላቸው (ጾመ ድጓ የዐቢይ ጾም የዜማ መጽሐፍ ነው)፣ በየሳምንቱ አንድ አጭር ቃል ከትርጉሙ ጋር ቢያዝ በጾሙ መጨረሻ ወጣቱ ስምንት የዜማ ቃል በእጁ ይቀርለታል።

ሰኔና ሐምሌ የፈተና ወራት ስለሆኑ ጥናቱ መቅለል አለበት። ነሐሴ ግን በፍልሰታ ጾምና በደብረ ታቦር ምክንያት ሕፃናቱ ጭምር የሚገኙበት ወር ነው።

አንድ ወረብ እንዴት ይጠናል

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው። በተለምዶ የሚደረገው አስጠኚው ስልኩን ከፍቶ፣ ከበሮው ተመትቶ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጮህ ነው፤ እዚህ የሚመከረው ቅደም ተከተል ግን ከሊቃውንቱ የራሳቸው አካሄድ የተወሰደ ሲሆን፣ ከበሮውን ለመጨረሻ ያቆየዋል።

በመጀመሪያው ቀን ዜማ የለም። ቃሉ በትልቁ ተጽፎ ይነበባል፤ ትርጉሙ ይነገራል፤ ከዚያ አልፎ ንባቡ ይታረማል። የግዕዝ ንባብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉ የአነባበብ ዓይነቶች አሉት፤ እነዚህም ድምፁ በቃሉ የት ላይ እንደሚነሳና የት ላይ እንደሚወድቅ የሚወስኑ ሥርዓቶች ናቸው። ንባቡ ሳይስተካከል ዜማ የተጫነበትን ቃል በኋላ ማቅናት የተጣመመ ዛፍ እንደማቅናት ነው። ትርጉሙን ያላወቀ ዘማሪ ደግሞ የሚያዝነውንና የሚደሰተውን አይለይም፤ ፊቱ የሚያሳየው ሌላ፣ አፉ የሚለው ሌላ ይሆናል።

በሁለተኛው ቀን መሪጌታው ቁም ዜማውን ይሰጣሉ። ቁም ዜማ ማለት ያለ መቋሚያ ንቅናቄ፣ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል፣ በድምፅ ብቻ የሚባለው ነው። መምህሩ አንድ ሐረግ ይላሉ፤ ተማሪዎቹ ይቀበላሉ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ብቻቸውን ይላሉ። ይህ ብቻውን መባል የሚያሳፍር ሆኖ ቢታይም መቅረት የለበትም፤ በቡድን ውስጥ የተደበቀ ስሕተት የሚታረመው በዚህ መንገድ ብቻ ነውና። በዚሁ ቀን ሦስቱን የያሬድ ዜማ ስልቶች ማስተዋወቅ ይገባል፦ ግዕዝ የተባለው ጽኑና ቀጥ ያለው፣ ዕዝል የተባለው በሐዘንና በሰሙነ ሕማማት ጎልቶ የሚሰማው፣ አራራይ የተባለው ደግሞ ለስላሳና ልብን የሚያራራው ነው። ከምልክቶቹም (ምልክት በፊደሉ ላይ የሚጻፈው የዜማ ማሳያ ነው) ጥቂቶቹን ማሳየት ይቻላል፤ ስማቸው ሥራቸውን ስለሚናገር ለወጣት ከባድ አይደሉም፤ ድፋት ድምፁን ይደፋል፣ ቅናት ያቃናዋል፣ ይዘት ይይዘዋል፣ ርክርክ ያንከባልለዋል፣ ቁርጥ ይቆርጠዋል። የዜማ ምልክት አጻጻፍ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል መደራጀቱን ሲሰማ ወጣቱ ይደነቃል፤ የሙዚቃ ኖታ ከውጭ ብቻ የመጣ ይመስለው ነበርና።

በሦስተኛው ቀን መቋሚያ ይያዛል፤ ዝማሜ ይጀመራል። ዝማሜ በመቋሚያ እየተወዛወዙ በዝግታ መዘመር ነው፤ በዚህም የሰውነት ንቅናቄ ከቃሉ ጋር ይጣበቃል። በአራተኛው ቀን ብቻ ከበሮው ይወጣል፤ በመጀመሪያ መረግድ፣ ማለትም ከበሮው በዝግታ እየተመታ የሚባለው፣ ከዚያም ጽፋት፣ ማለትም ፈጥኖ በጭብጨባና በደስታ የሚባለው ይከተላል። ፈጣን መዝሙር ካልሆነ አይሞቀንም የሚሉ ወጣቶች ይህን ሲያዩ የሚሹት ሞቅታ በገዛ ቤታቸው እንዳለ ይረዳሉ። ልዩነቱ በአቋቋሙ ፍጥነት የመጨረሻው ደረጃ ሆኖ መምጣቱ ነው፤ ዝግታውን ያላለፈ ጽፋቱን አይሞቅም።

ቶሎ የማይገባቸው ልጆች በዚህ መካከል እንዳይጠፉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ለእነርሱ የተጻፈ ያህል ነው፤ ትምህርት እምቢ ብሎት ሲሰደድ፣ ዛፍ ላይ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የተሳካላትን ትል አይቶ የተመለሰው ይህ ሰው በኋላ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዜማ ሁሉ አባት ሆኗል። አስጠኚው ታሪኩን ከመተረክ አልፎ እንደ ደንብ ቢይዘው፣ ማለትም ማንም ሰባት ጊዜ ሳይሞክር ከወረብ እንዳይወጣ ቢወስን፣ ብዙ ድምፅ ይድናል።

ሞንታርቦና ስልክ

ሞንታርቦ እየተባለ የሚጠራው ትልቅ የድምፅ ማጉያ በጥናት ጊዜ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ተዘግቶ መቀመጥ አለበት። ማይክሮፎን የያዙት ሁለት ሰዎች የቀሩትን ሠላሳ ድምፆች ከንቱ ያደርጓቸዋል፤ ሠላሳዎቹም ድምፃቸው እንደማይሰማ ሲያውቁ አፋቸውን ማንቀሳቀስ ብቻ ይለምዳሉ። በአገልግሎት ቀንም ቢሆን ድምፁ በቅጥሩ ውስጥ ላለው ሕዝብ የሚበቃ ያህል ብቻ ቢሆን መልካም ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ገበያ፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ በሚኖሩባቸው በእነዚህ ከተሞች የማጉያው መጠን የጉርብትና ጉዳይም ጭምር ነው፤ የጎረቤትን ጸሎት የሚሸፍን መዝሙር የራሱንም ጸሎትነት ያጣል።

ስልክ ግን መጣል የለበትም፤ ሥራው መቀየር አለበት። ከውጭ መዝሙር ማውረጃ የነበረው የመሪጌታውን ድምፅ መቅጃ ይሁን። በግብፅ ራጊብ ሙፍታሕ የተባለው የቅብጥ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ከእንግሊዛዊው ኧርነስት ኒውላንድስሚዝ ጋር ሆኖ፣ ዓይነ ስውር የነበረውን ታላቅ የዜማ መምህር ሚካኤል ጊርጊስ አል-በታኑኒን ፊቱ አስቀምጦ ዜማውን በኖታ አስጽፎ ነበር፤ ዛሬ የቅብጥ ወጣት የአባቶቹን ዜማ የሚያገኘው ከእንዲህ ዓይነት ሥራ የተነሣ ነው። የወልቂጤ ወጣት ይህን ለመሥራት ኪሱ ውስጥ ያለው መሣሪያ ይበቃዋል። ጸጥ ባለ ክፍል፣ እያንዳንዱ ቃል በቁም ዜማ ብቻ፣ በመጀመሪያ የበዓሉ ስምና ቀን ተነግሮ ይቀዳል፤ ቅጂውም በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጣል። መምህሩ ሳይፈቅዱ በቴሌግራምም በቲክቶክም መለቀቅ የለበትም፤ ለትምህርት የተሰጠ ድምፅ ለማሳያ የተሰጠ አይደለምና።

ከበሮ፣ በገና፣ ኪቦርድ

ስለ መሣሪያ ብዙ ክርክር አለ። ስለ ኪቦርድ ግን የሚያከራክር ነገር የለም፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት የማይቀበለው ከመሆኑም በላይ፣ የያሬድን ዜማ ቀጭን መንሸራተት በተቆረጡ ቁልፎች ላይ ማስቀመጥ ዜማውን ይሰብረዋል። ከበሮ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል፤ የሚመታውም አስቀድሞ ዝማሜውን የጨረሰ ሰው ይሁን።

እውነተኛው ዕድል ያለው በበገና ዘንድ ነው። በገና አሥር ጅማት ያለው፣ በቅዳሴ ውስጥ ሳይሆን በጾምና በጸሎት ጊዜ በዝግታ የሚደረደር መሣሪያ ነው፤ ያ ዝርዝር እያለ የሚሰማው ጉምጉምታም ከበርኩማው ላይ በጅማቱ ሥር ከሚገባው ከእንዝራው (ከቁራጭ ቆዳው) የሚመጣ ነው። ከደርግ መምጣት በኋላ የበገና ድምፅ ከሕዝብ ጆሮ ርቆ የነበረ ቢሆንም፣ እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ደርዳሪዎች ለቀጣዩ ትውልድ አድርሰውታል። በገና ለመዝሙር ክፍል የሚሰጠው ጥቅም ሕዝብን ማሞቅ አይደለም፤ ዝም ብሎ መስማትን ማስተማር ነው፤ ለዚህም በዐቢይ ጾም የዓርብ ማታ ጉባኤ የሚመች ጊዜ ነው።

ዋጋው ለአንድ ወጣት ስለሚከብድ፣ ለዚህ አካባቢ ሰው ማንም የማያስተምረው ዘዴ አለ፤ ዕቁብ። አሥር ወጣቶች ወር በወር አዋጥተው ለዕጣው ባለቤት ገንዘቡን በመስጠት ፈንታ በገናውን እየገዙ ቢሰጡ፣ በዓመት ውስጥ ደርዳሪ ሊሆኑ የሚችሉ አሥር ሰዎች ይኖራሉ፤ ወሩ ያልደረሰውም በደረሰው በገና እየተማረ ይቆያል። መምህር በከተማው ከሌለ ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቡታጅራ ከዚያም የሚቀርብ ስለሆነ፣ በየሁለት ሳምንቱ ደርሶ የሚመለስ መምህር ማግኘት የሚቻል ነው።

የሚሄደውና የሚቀረው

በእነዚህ ከተሞች የመዝሙር ክፍል ትልቁ ጠላት ስንፍና አይደለም፤ መናኸሪያው ነው። አውራጁ በመስከረም ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፤ ከበሮ መቺው አዲስ አበባ ሱቅ ይከፍታል፤ ከእነርሱም ጋር አምስት ዓመት የተጠናው ሁሉ ይሄዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሁለት ሰው፣ አንዱ ከሌላው ቢያንስ በሦስት ዓመት የሚያንስ፣ መመደብ አለበት፤ ታላቁ ያለ ታናሹ እንዳያወርድ ደንብ ቢወጣ ርክክቡ በየእሑዱ ይፈጸማል። ሕፃናቱም ከታላላቆቹ ተለይተው የልጆች መዝሙር ብቻ እንዲዘምሩ ማድረግ ስሕተት ነው፤ ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ወረብን ከሃያ ዓመቱ ወንድሙ ፈጥኖ ይይዛል። ሴቶች ልጆች በየክፍሉ ተግተው እያጠኑ አውራጅነቱ ግን ለወንዶች ብቻ የሚቀርበት ልማድ ባለበት ደብር፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ዘንድ ይህን የሚያስገድድ ነገር ስለሌለ ቢታሰብበት ይሻላል።

የሚሄዱት ካሉ የሚመጡም አሉ። በጉብርየ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎችን በግቢ ጉባኤ ይሰበስባል፤ ከመካከላቸውም በየትውልድ ቦታቸው ዜማ የተማሩ ዲያቆናት ሊገኙ ስለሚችሉ፣ የከተማው ሰንበት ትምህርት ቤት ደጁን ቢከፍትላቸው መምህር ያገኛል። በመስቀል ደግሞ አገሬው በሙሉ ከአዲስ አበባ ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ ከመስከረም 16 ደመራ በፊት ባሉት ጥቂት ምሽቶች የቀድሞ አባላት ከአሁኖቹ ጋር አንድ ጊዜ ቢቆሙ፣ የተረሳው ይታወሳል፤ ለበገናው ዕቁብም ሁለት ሦስት ዕጣ የሚጨምር አይጠፋም። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ተደራጅተው ለመንገድ ሥራ ካዋጡት ገንዘብ አንጻር ይህ ምንም አይደለም።

ስለ ጉራጊኛና ስለ አዲስ ድርሰት

በወልቂጤ ዙሪያ ቸሃ፣ እዣ፣ እኖርና ሌሎቹ የሰባት ቤት ንግግሮች፣ በቡታጅራ በኩል ደግሞ የመስቃንና የክስታኔ ንግግሮች ይሰማሉ፤ ከገጠር የመጣች እናት በአፏ ሲዘመር መስማት መብቷ ነው። ስለሆነም በዓመት አንድ ወይም ሁለት የጉራጊኛ መዝሙር ማዘጋጀት ተገቢ ሲሆን፣ ሁለት ሰዎች ሊያዩት ይገባል፦ አንዱ በቋንቋው ያደገ አዛውንት፣ ሁለተኛው ምስጢሩን የሚመረምር ካህን። የአዛውንቱ ምርመራ የቀለለ መስሎ እንዳይታይ፤ በከተማ ያደገ ወጣት የሚደርሰው ጉራጊኛ ብዙ ጊዜ የጉራጊኛ ልብስ የለበሰ አማርኛ ነው።

የሚያስቸግረው ምቱ ነው። የጉራጊኛ ጭፈራ ምት በመላው አገሪቱ በሠርግና በዘፈን የታወቀ ስለሆነ፣ ያንኑ ወስዶ በመዝሙር ቃል መሙላት ሰሚውን ወዲያው ወደ ሠርግ ቤት ይወስደዋል። ቋንቋው ይግባ፤ የጭፈራው ምት በደጅ ይቅር። ቃሉ ጉራጊኛ ሆኖ አካሄዱ በመሪጌታው ምክር ከአራራይ የተቀዳ መዝሙር እናትየዋንም ሊቁንም የሚያስማማ ነው፤ ሲዘመርም እንግዳ አይመስልም።

ከየት ይጀመር

ዓመቱ ሲያልቅ ያ ተራ ደብተር ተከፍቶ አራት እሑዶች እንደገና ይመዘገባሉ፤ ሕዝቡ የተቀበላቸው ከቀድሞው በሦስት እንኳ ከበዙ፣ ከመሪጌታው የተጠኑትም ከስልክ ከተጠኑት ከበለጡ፣ ሥራው ተሠርቷል። ይህ መመሪያ በእጁ የገባ አስጠኚ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልሥራ እንዳይል ይመከራል፤ ደብተሩን በነሐሴ ይጀምር፤ መሪጌታውን በጳጉሜን ያነጋግር፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡትን በደመራ ዋዜማ ይሰብስብ። ዘመነ ጽጌ የሚገባው መስከረም 26 ነው፤ ከመስቀል በዓል ዘጠኝ ቀን በኋላ።